መርፌ አይወድም

ሰኞ
ውሃ የቋጠረው ሽፍታ ከግንባሬ ወርዶ ቅንድቤን ያዘ። በቀኝ በኩል ብቻ። ያቃጥላል፤ ፀጉሬን እንኳ ማበጠር አልቻልኩም። ፋብሪካ ውስጥ የኮሮና ክትባት ከወሰድኩ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ልታስታምመኝ ከኩታበር የመጣችው እናቴ ገና ከበሩ ሳታልፍ አወቀችው። «አልማዝ ባለጭራ ነው! ይሄ በሽታ እኮ መርፌ አይወድም። በመርፌ መጣብሽ፤ ከደገምሽበት ይገልሻል።» ሐኪም ቤት መሄድ የለም ማለት ነው።

ማክሰኞ
መስኮት ተዘጋ። ፀሐይ ክልክል፣ ሰው ክልክል። ከውጭ የሚገባ ሰው ጠረን ያባብሰዋል ትላለች። ቆርቆሮ ሥር የኮምቦልቻን ሙቀት ለኩታበር ሰው ማን ያስረዳል! የቀባችኝ ቅጠል ደርቆ ቆዳዬን ጨምድዶታል። ተናደድኩባት። ደግሞም ፈራሁ፤ እውነቷን ቢሆንስ? እኔም እኮ ይህንኑ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ረቡዕ
ዓይኔ ቀላ። ብርሃን ይወጋኛል። ሥራዬ ጨርቅ ላይ የተሳሳተ ክር መፈለግ ነው፤ ባንድ ዓይን ማን ያሠራኛል? ለእማ ነገርኳት። «አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሻል» አለችና ፊቷን አዙራ አለቀሰች። የበሩ ቁልፍ መቀነቷ ውስጥ ነው።

ሐሙስ
የሥራ ጓደኛዬ ፋጡማ መጣች። እማ አላስገባቻትም። «እማማ፣ ሐኪሞቹ መርፌ ካሉ እምቢ ይበሉ! መጠየቅ አይወጋም» ስትል ከደጅ ሰማኋት። እማ በሩን ዘግታ ተመለሰች። ከዚያ «ነገ ደሴ እንሄዳለን፤ እኔ ግን ካጠገብሽ አልለይም» አለችኝ።

አርብ
ሚኒባስ ውስጥ ሻርፗን ፊቴ ላይ ጣለችብኝ። በሐኪሙ ክፍልም እጄን አልለቀቀችም፤ ለጠብ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ሐኪሙ ያዘዘው ግን ኪኒንና የዓይን ቅባት ብቻ ነው። መርፌ የለም! ክትባቱ ነው ወይ ያመጣው ብዬ ጠየቅኩት። «ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ያለ ክትባትም ይወጣል» አለ። ዓይኔን አይቶ ደግሞ «ምነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብትመጡ!» አለን።

እሑድ
ሽፍታው እየደረቀ ነው። እንቅልፍም ወሰደኝ። ጠዋት እማ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «ደህናውን ዓይንሽን ሸፍኚ» አለች። ሸፈንኩ። ጣቶቿን አነሳች።

«ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ግንባሬን ሳትነካ አናቴን ሳመችኝ።

ያየሁት በደህናው ዓይኔ፣ በጣቶቼ መሃል ነበር።