በሚጥሚጣ የጠመቅሁት ጠላ

ደሴ፣ እሑድ፣ ጥር 17

ዛሬ ጠላውን ከፈትሁት። ከጌሾው ጋር የሰኞ ገበያ ሚጥሚጣ ጨምሬ ነው የጠመቅሁት። ጎረቤቴ ዘሀራ፣ "ወላሂ፣ አብደሻል!" ብላ ስቃብኝ ነበር።

አባቴ ከታመሙ ወዲህ ወጡም ወተቱም ውሃ ውሃ ይላቸዋል። ከክረምት ጀምሮ አንድም ነገር "ጣፈጠኝ" ሲሉ አልሰማሁም። ዛሬ ጠላውን አንዴ ተጎነጩ። ፊታቸው ቀላ፤ ግንባራቸውን አላባቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ደንግጬ ጣሳውን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

"ተይኝ! አቃጠለኝ እኮ!" አሉ። "ምላሴ አለ ለካ!"

ከዚያ በሳቅ ፈነዱ። ሳቃቸውን ረስቼው ነበር።

እኔም ቀመስሁት። እሳት ነው፤ የሚጠጣ አይደለም። እሳቸው ግን "ድገሚኝ" አሉ። ቀዳሁላቸውና አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያቸው ጀመር። ጌታዬ ሆይ፣ በዚህች ደቃቃ የሚጥሚጣ ፍሬ ውስጥ ምን ብታስቀምጥባት ነው?