ከጋሞኛ ወደ ጃፓንኛ

ሰኞ፣ ጥር 1989

ዛሬ ተግባባን። ናካሙራ ሳን ቱቦው ምን ያህል እንደገባ በጃፓንኛ ጠየቁኝ፤ በጃፓንኛ መለስኩ፤ ሳያስደግሙኝ ጻፉት። ይኸው ነው። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ናካሙራ ሳን (“ሳን” እንደ እኛ “አቶ” ነው) የጉድጓድ ቁፋሮው ጃፓናዊ ኃላፊ ናቸው፤ ፀጉራቸው ነጭ ነው። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ጃፓንኛ ብዙም አይሻልም። ከአዲስ አበባ የመጣው አስተርጓሚ ወባ ይዞት ከተመለሰ ወዲህ የውኃ ቢሮአችን አቶ ግርማን መድቦላቸዋል፤ እሱም የሚተረጉመው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ የቁፋሮ መረጃ የምመዘግብ ቴክኒሻን ነኝ። “ጃፓንኛ ተማሪ” ያለኝ የለም። ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ቆሞ ዝም ማለት ሰልችቶኝ ጀመርኩት።

ማክሰኞ

ቢሮአችን ካለበት ከሴቻ ወደ ምዕራብ ዓባያ በመኪና ስንሄድ ያየሁትን ሁሉ በጃፓንኛ እጠራለሁ፤ ናካሙራ ሳን ያርማሉ። ዛፍ፣ ላም፣ ድልድይ፣ መቃብር።

“አሳ” በጃፓንኛ ጠዋት ማለት ነው። መንገድ ዳር ዓሣ አንጠልጥለው “ዓሣ! ዓሣ!” የሚሉት ሻጮች በጃፓንኛ የጠዋት ሰላምታ የሚሰጧቸው መስሏቸው ናካሙራ ሳን ሰሞኑን ሁሉ እጃቸውን እያነሱ ሲመልሱ ከርመዋል። የሚሸጡትን እየጠሩ መሆኑን ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ።

ሌላም ነገር ገባኝ። ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል። “በ”፣ “ለ”፣ “ከ” የምንላቸውም ከስሙ ኋላ ይለጠፋሉ፤ ልክ እንደ እናቴ ቋንቋ፣ እንደ ጋሞኛ። እንግሊዝኛ ስናገር ሐሳቤን መገልበጥ አለብኝ። ለጃፓንኛ ግን አልገለብጥም። በጋሞኛ አስብና ቃሉን ብቻ እቀይራለሁ። ለምን ቀደም ብሎ አልታየኝም?

ረቡዕ

አሳፋሪ ቀን። ናካሙራ ሳንን ለምሳ ስጠራቸው በጃፓንኛ “ብላ” አልኳቸው፤ ለሕፃን እንደሚባለው። ጃፓኖችም አንተና እርስዎ አላቸው፤ ግን አክብሮቱ ያለው ግሡ ጫፍ ላይ ነው። ልጅሽ አደረግሽኝ አሉና በሉ። ከዚያ በኋላ የአክብሮቱን ጫፍ ብቻ ስደጋግም ዋልኩ። አብራኝ የምትኖረው ሰናይት እንኳ ለምዳው ወጥ እያማሰለች “ዴሱ፣ ማሱ” ትላለች።

ነገ አዲሱ ጉድጓድ በሚቆፈርበት መንደር ስብሰባ አለ። የሚተረጉመው አቶ ግርማ ነው። ቢሆንም ቃላት አጠናሁ፦ ሽማግሌ፣ መሬት፣ ፈቃድ።

ሐሙስ



ስብሰባው ሾላው ሥር ነበር። የመንደሩ ሽማግሌ ጋሽ ሻንቆ ቆመው በጋሞኛ ተናገሩ። ውኃውን እንፈልጋለን፤ ሴቶቻችን ሐይቅ ድረስ እየወረዱ አዞ ፈርተው ይቀዳሉ፤ ግን ለቁፋሮው ችካል የተተከለበት ቦታ አባቶቻችን ያረፉበት ነው፤ እዚያ ብረት አይገባም አሉ። አቶ ግርማ በእንግሊዝኛ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሕዝቡ ተደስቷል፤ ችግር የለም።

ናካሙራ ሳን “ሃይ፣ ሃይ” እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ሻንቆ ይህን አይተው ልመናቸው የተሰማ መሰላቸው። እኔ ግን “ሃይ” ሁልጊዜ እሺ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እያዳመጥኩ ነው ማለትም ይሆናል። ሁለቱም የተስማሙ መስሏቸው ሊለያዩ ነው። ነገ ማሽኑ ይመጣል።

በሽማግሌዎች መሃል ሴት፣ ያውም ወጣት፣ ሳትጠየቅ አትናገርም። ተነሥቼ ወደ ችካሉ ጠቆምኩ። “ኮኮ ዋ ሃካ ዴሱ” አልኩ። እዚህ መቃብር ነው።

ናካሙራ ሳን የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የአባቶቻቸው፣ የአያቶቻቸው አልኩ። ኮፍያቸውን አወለቁና ለጋሽ ሻንቆ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “የት እንቆፍር? እሳቸውን ጠይቂልኝ” አሉ።

ጠየቅኩ። ከጋሞኛ ወደ ጃፓንኛ፣ ከጃፓንኛ ወደ ጋሞኛ፤ አማርኛም እንግሊዝኛም ሳይገቡበት። የጎደለኝን ቃል በጣቴ አፈሩ ላይ ሣልኩት። ጋሽ ሻንቆ ከሙዙ ማሳ በታች ያለውን ሜዳ አሳዩን። ሲጨርሱ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። “አባትሽ ይመርቅሽ” አሉ።

ዓርብ

 ሴቻ ስንደርስ አቶ ግርማ “በላዬ አልፈሽ ተናገርሽ፤ ለቢሮው ኃላፊ ሪፖርት አድርጌያለሁ” አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ክረምት ሳይገባ ሥራው እንዳይጓተት ፈርቶ ነው፤ ሽማግሌዎቹ በኋላ ይለምዱታል ብሎ ነው። ይህን ብረዳለትም ይቅርታ አልጠየቅኩም።

ሰኞ

የቢሮው ኃላፊ ጠራኝ።  የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሽማግሌው ያሉትን በትክክል ተርጉመሻል? አዎ አልኩ። እንግዲያው ከመንደሩ ጋር ያለውን ንግግር አንቺ ያዢ አለኝ። ማዕረግ የለውም፤ ደመወዝም አይጨምርም። የቢሮውን ደረጃ ግን እየዘለልኩ ወረድኩ።

ማሽኑ ከሙዙ ማሳ በታች ተተክሏል።

ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ እርጥብ አሸዋ ወጣ። ሴቶቹ እየነኩ አዩት፤ አንዷ የሕፃን ልጇን ግንባር ቀባችበት። ናካሙራ ሳን አልሣቁም። ለሐይቁ ቀርበናል፤ ውኃው ጨው ሊሆን ይችላል፤ መቃብሩ ያለበት ላይኛው ቦታ የተሻለ ነበር አሉ፤ ለእኔ ብቻ፣ በዝግታ። ይህን ለጋሽ ሻንቆ ልንገራቸው ወይ አልኳቸው። ንገሪያቸው አሉ።

ነገርኳቸው። ጋሽ ሻንቆ “እውነቱን ስለነገራችሁን እንጠብቃለን” አሉ። መልሳቸውን ሳልንተባተብ አደረስኩ።

ነገ ፓምፕ ይገባል። መጀመሪያ የሚቀምሱት ናካሙራ ሳን ናቸው፤ እሳቸው የሚሉትን ለመንደሩ የምናገረው እኔ ነኝ። “ጨው” የሚለውንም “ጣፋጭ” የሚለውንም አጥንቻለሁ። እግዜር ሁለተኛውን ያስብለኝ።