የአቶ ላምቤቦ ምስክርነት

ሐሙስ ሰኔ 3 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ሆሣዕና። ጭጋጉ አልተነሣም። ቤት የነበርነው እኔ፣ መምህር አበራና የፎንቆው አቶ ላምቤቦ ነን።

ልጄ ጵርስቅላ፣ ጌታ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን፤ እንሰቱም አምሮበታል። በአዲስ አበባ የሕግ ዲግሪሽ ናይሮቢ ጥብቅና ለመቆም ፈተናውን አልፈሽ፣ ከልጅነትሽ የሚያውቁሽ የሁለት ሰዎች ምስክርነት ብቻ እንደቀረሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ይኸው ተገኘ። መምህር አበራ ፈረሙ። አቶ ላምቤቦ አውራ ጣታቸውን ሐምራዊ ቀለም አስነክተው አተሙ። «በስድስት ዓመቷ ላሜን ሽማግሌ ፊት ከሳ አስቀጥታኛለች፤ የዚያ አገር ዳኞች ይጠንቀቁ!» ብለው ሳቁ። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

ዓርብ ደብዳቤውን ሳልጨርስ ፎንቆ ለቅሶ ተጠራሁ። የሞቱት አቶ ላምቤቦ ናቸው። ማክሰኞ ሞተው ረቡዕ ተቀብረዋል። ባለቤታቸው ገነቴ፣ «ስናጥበው አውራ ጣቱ ሐምራዊ ነበር፤ በሳሙና ብናሸው አልለቅ አለን» አለችኝ። 

መምህር አበራ «ማንም አይጠይቅም፣ ላኪው» ይሉኛል። ያለ ወረቀቱ ፈቃድ እንደማይሰጡሽ አውቃለሁ። ግን በሞተ ሰው ቃል ሥራሽን እንድትጀምሪ አልፈልግም።

እግዚአብሔር አንደበትሽን ይጠብቅ። ለጥብቅናው ቃለ መሐላ ስትፈጽሚ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት። አዲስ ወረቀት በመምህር አበራ አስጽፌና አስፈርሜ ፎንቆ ወረድኩ። የፊተኛውን ለገነቴ ሰጠኋት። የባሏን አሻራ አይታ ወረቀቱን ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ፣ እሷም ከልጅነትሽ ታውቅሻለችና፣ በአዲሱ ላይ በእሱ ፈንታ የራሷን አውራ ጣት አተመችልሽ።