ፖስታው ውስጥ የጻፍኩት

ታሽከንት፣ ሰኞ

ለወንድም ጋሼ፣

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ዳኛው ፖስታዬን ቀዶ የጻፍኩትን አነበበና የቼዝ ንጉሤን ወደ ጥግ አስገባው። ተጋጣሚዬ ቬኔራ ሰሌዳውን እንኳ አላየችም። በየእርምጃው ግማሽ ሰዓት ስታስብ የነበረችው ልጅ ወዲያው ፈረሷን አንስታ ወታደሬን በላች። ነገሩ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው።

እንደምን ሰነበትክ? ሰላምታውን ባለማስቀደሜ ይቅር በለኝ፤ ብዕሬ መጀመሪያ ያመጣው ያንን ነው። የእማዬ ጉልበት ተሻላት? የግቢያችን ሮማን ፍሬ ያዘ? እኔ ደህና ነኝ። ከትናንቱ ጨዋታ በኋላ አሥራ አራት ሰዓት ተኝቼ ተነሣሁ። አንተ ሳትሰናበተኝ ወደ ቤታችን ወደ ኮካንድ መመለስህን የነገረችኝ የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ ናት።

ረቡዕ አምስተኛው ጨዋታ ሲቋረጥ እርምጃዬን ጽፌ ፖስታውን አሸግኩ፤ ዳኛውም ካዝና ውስጥ ቆለፈበት። ቬኔራ ምን እንደጻፍኩ ሳታውቅ ማደር ነበረባት። አንተ በር ላይ ቆመህ ጠበቅከኝ፣ ምን እንደጻፍኩም ጠየቅከኝ። ነገርኩህ። ለሌላ ለማን ልነግር? አባባ ሲሞት ሰሌዳውን ለሁለታችን ትቶልን አስተማሪዬ የሆንከው አንተ ነህ። ንጉሡን ወደ ጥግ መሸሸግ የፈሪ ጨዋታ ነው ብለህ ሳቅህብኝ። ያን እርምጃ ከዳኛው ካዝና ውጭ የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነበርን።

ተሸነፍኩ፤ ነጥባችንም እኩል ሆነ። አንድ ጨዋታ ቀረ። የምታሸንፈው ሞስኮ ትሄዳለች፤ የቼዝ ቁንጮ የሆነው የግራንድማስተር ማዕረግ ያለው እዚያ ነው። አንተ ግን ሻይ ቀዳህልኝና፣ «አሁንስ አይበቃሽም?» አልከኝ። «ሃያ አራት ዓመት ሞላሽ እኮ። የማርጊላኑ ዶክተር ቤተሰቦች እስከ መቼ ይጠብቁሽ? ንጉሥ ስትጠብቂ ባል እንዳያመልጥሽ።»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ለእማዬ ደወልኩ። አጽናናችኝ። ከዚያ ደስ እያላት የጎረቤት ሴቶችን ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ ሰብስባ የሰርጌን ብርድ ልብሶች እያሰፋች መሆኗን፣ ስምንቱም ማለቃቸውን ነገረችኝ። ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ፣ ወንድም ጋሼ። እኔ የተሸነፍኩት ሐሙስ ነው።

ቅዳሜ ስድስተኛውም ጨዋታ ተቋረጠ። አሁንም በር ላይ ጠበቅከኝ። ግንቡን ወደ ሰባተኛው መስመር ብዬ ነገርኩህ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸሁህ። ፖስታው ውስጥ የጻፍኩት የዳር ወታደሬን አንድ እርምጃ ወደፊት ነበር።

ትናንት ዳኛው ፖስታውን ቀዶ ወታደሩን ሲገፋ የቬኔራ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀና ስትልም እኔን አላየችም፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጥከውን አንተን አየች። አንተ ጫማህን አየህ። ከዚያ አርባ ደቂቃ አሰበች። በአሥራ አንደኛው እርምጃ ንጉሧን አስተኝታ መሸነፏን አመነችና ጨበጠችኝ፤ ዓይኗን ግን አላሳየችኝም። እሷን አልተቀየምኳትም። የማይገባ ስጦታ ሲመጣላት ተቀበለች እንጂ ወንድሜ አይደለችም።

ደረጃው ላይ ስደርስብህ «ለአንቺው ብዬ ነው» አልከኝ። ለእኔ ከሆነ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?

የሞስኮው ባቡር ነገ ይነሣል፤ ይህ ሲደርስህ ኦሬንቡርግን አልፌያለሁ። ለማርጊላኖቹ መልሱን አንተ ንገራቸው፤ ቃል የገባኸው አንተ ነህና። ብርድ ልብሶቹን ለምታገባ ስጡልኝ። እንደ መንገደኛ ወግ፣ ተመልሼ እንድጨርሰው ከቤት ስወጣ ነክሼ የተውኩት ዳቦ ግን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ይቆይ፤ እንዳታወርዱት። ማዕረጌን ይዤ ስመለስ፣ እንደ ድንጋይ ቢደርቅም፣ ሻይ ውስጥ ነክሬ እበላዋለሁ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ያንተንም እጅ ፈጣሪ ከሕመም ይጠብቅልኝ፤ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ያሳየኝ ያ እጅህ ነው።

በር ላይ ቆሞ «ምን ጻፍሽ?» የሚለኝን ሰው ግን ከእንግዲህ አልቀበልም፤ የእናቴ ልጅም ቢሆን።

ታናሽ እህትህ