ጀልባዋ ላይ የምትተኚበት ቦታ

ለልጄ ለፅጌረዳ ምትኩ፣

ነፋሱንም ማዕበሉንም የሚገስጸው አምላክ እንደምን አቆየሽ? እኛ እዚህ ለቡ ሰፈር ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም።

ምግብ አብሳይ ሆነሽ የገባሽባትን ባለሸራ ጀልባ በፎቶ አየኋት። ውስጧ ከእኛ ጓዳ አይሰፋም። ግቢያችን ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ሳልኳትና ወንድምሽን ታሪኩን አስተኛሁባት። «አባዬ፣ እግሬ ባሕር ገባ እኮ!» ብሎ እናትሽን በሳቅ ገደላት። እኔ ግን እቃሽን ቦታ ቦታ አስያዝኩልሽ።

አንደኛ፣ ዱቄቱና ውሃው ታች ይሁን፤ ክብደት ከላይ ከሆነ ጀልባ ያጋድላል። ሁለተኛ፣ ልብስሽ አልጋሽ ስር ይግባ። ሦስተኛ፣ የክፍልሽ በር ቁልፍ የለውም ብለሻል። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ፣ ማታ ማታ ትልቁን ሻንጣ በሩ ላይ አስደግፊው። የሩዙን ጆንያም ጨምሪበት። የአሠሪሽ የማዳም ባል ይሄ ምንድነው ካለሽ፣ ቦታ ጠቦኝ ነው በይው።

ማዳም ታመው ስለወረዱ አሁን ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፤ የሳቸውም አልጋ ባዶ ነው። ወደዚያ ተዛወሪ ቢልሽ፣ «አባቴ የምተኛበትን ለይቶልኛል» በይው። እናትሽ እንዳትደነግጥ፣ ማዳም አሁንም አብረውሽ እንዳሉ ነው የነገርኳት።

ይሄን እንዳነበብሽ «እሺ አባዬ» ብቻ ብለሽ ላኪልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።

አራተኛ፣ ፓስፖርትሽን ከላይሽ አትለዪው። ወደብ ስትደርሱ እቃ ማውረድ ጊዜ ይፈጃል። ሻንጣውንም ልብሱንም ባለበት ተይው፤ አንቺ ብቻ ውረጂልኝ።

እናትሽና ታሪኩ ጉንጭሽን ስመውሻል። እግርሽን መሬት ለመርገጥ ያብቃልኝ።

አባትሽ ምትኩ