የመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ትከሻ

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ አንድ ደንበኛ ብቻ። የጭነት መኪና ሹፌር። ወገቡን አሸሁለት፣ አንኮራፋ፣ ሄደ።

ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ የምሠራበት ሎጅ ጭር ብሏል። ድሮ ከተራራ የሚወርደው ፈረንጅ ሁሉ ባቱን ይዞ ነበር የሚመጣው። አንድ ሰዓት፣ ያቺው የተማርኳት ቅደም ተከተል፣ ከእግር እስከ አንገት። አሁን የሚመጣው ያገሬ ሰው ነው። ለሱም ያቺኑ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

ቀኝ አውራ ጣቴ ዛሬም ሲጠዘጥዘኝ ዋለ። ለሠርካለም አልነገርኳትም። ካገባሁህ ጀምሮ አርፈህ ስትቀመጥ አላየሁም ትለኛለች። እውነቷን ነው። እጄ ሥራ ሲያጣ ሰውነቴ ሁሉ ይቁነጠነጣል።

ነገ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ይመጣሉ። የማርያም የአቋቋም መምህር! ትከሻቸውን አሟቸዋል አሉ። እሳቸው ከዳኑ ካህናቱ ሁሉ የኔ ደንበኞች ናቸው...

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

የኔታ መጡ። ልብሳቸውን ማውለቅ አፍረው ነበር። ቀኝ ትከሻቸው ድንጋይ ሆኗል። በክርኔም በአውራ ጣቴም ገባሁበት።

"ያምዎታል የኔታ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

ጨመርኩ። አሁንስ? "ይመስገን ልጄ፣ ይመስገን።" ጠንካራ ሽማግሌ ናቸው ብዬ አሁንም ጨመርኩ። መርቀውኝ ሄዱ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ጥቅምት 14፣ አርብ

እንዴት ዋሉ ልል ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ በር ላይ ያዙኝ። ከረቡዕ ወዲህ እንቅልፍ የለም። ክንዳቸው ከደረት በላይ አልወጣ ብሏል። ሆስፒታል ታይተው አጥንቱ ደህና ነው፣ ጅማቱ ተቆጥቷል፣ ይረፉ ተብለዋል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በቀስታ ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የኔታ ግን... "ተሽሎኛል፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ለተማሪዎቻቸው በግራ እጃቸው ነው የሚያሳዩት።

ኅዳር ጽዮን እየደረሰች ነው። ያን ቀን ጸናጽሉን ማንሳት ካልቻሉ ቦታቸውን ለመሪጌታ ቃለ አብ ሊለቁ ነው። ለዚያች ቀን ብቻ ሳይሆን ለሁልጊዜው። እኔ ነኝ ያደረግኩት። እኔው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

እጄን ጠላሁት። ደንበኛ መጣ፣ ሞልቷል ብዬ መለስኩ። ክፍሉ ባዶ ነበር።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ጎንደር። ወርኃዊው የማሸት ስልጠና። ባለፈው ወር ቀርቼ ነበር፣ የማላውቀው ምን አለ ብዬ! አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሲጠብቅ ወርጄ ስንጎራደድ ሹፌሩ ሳቀብኝ።

አሰልጣኛችን ኤልሳቤጥ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ሁሉንም ነገርኳት። እንዳላመማቸው በምን አወቅክ አለችኝ። ጠየቅኳቸዋ! ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

"የኛን አገር ሽማግሌ አፉን ጠይቀህ?" አለች። "ትንፋሹን ጠይቅ እንጂ። ደግሞ ሲሠራ እንዴት እንደሚውል ሄደህ እይ። አንተ ለሰው ሁሉ አንድ ልክ ሱሪ ነው የምትሰፋው።"

አመመኝ። እውነት ስለሆነ።

ስንወጣ አውራ ጣቴን አየችው። አብጧል እኮ አለች። ደህና ነው አልኳት።

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ማርያም ሄጄ ከኋላ ቆሜ አየኋቸው። ጸናጽል አልያዙም። መቋሚያው ግን እንደ ልማዱ በግራ ብብታቸው ሥር ነው። ገላቸው ሁሉ ወደዚያ ተጥሏል፣ ቀኝ አንገታቸው እንደ ገመድ ተወጥሯል። ስንት ዓመት እንዲህ ቆመዋል? እኔ አንገታቸውን አልነካሁ፣ ግራ ጎናቸውን አልነካሁ... የታመመውን ትከሻ ብቻ ስጨፈልቅ!

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ አሁን ቀስ ተብሎ ይታሽ ብሏቸዋል። እንዲመጡ ለመንኳቸው። ሳይከራከሩ መጡ፣ ይኼ ደግሞ ይብስ አሳፈረኝ።

ገና ስነካቸው "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ፈራሁ። ግን አልኩት።

"እሱማ ይመስገን የኔታ። እኔ የጠየቅኩዎት ስለ ትከሻዎ ነው።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ተቀየሙኝ? ከዚያ ትንፋሹን ጠይቅ የተባልኩት ትዝ አለኝና ቀስ ብለው ዜማ እንዲሉልኝ ጠየቅኩ። "ዜማ ተኝቶ አይባልም" አሉ። እውነት ነው! ከአልጋው አስነሥቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፣ መቋሚያቸውን ከፊታቸው አስያዝኳቸው። ማዜም ጀመሩ። እኔ ከግራ ጎን ጀመርኩ፣ በመዳፌ፣ ቀስ እያልኩ። ቀኙ ጋ ስደርስ ድምፃቸው ተቆረጠ። እጄን አላላሁ። ዜማው ቀጠለ።

ያማቸው ነበር... ያን ጊዜም እንዲህ ያማቸው ነበር።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ክንዳቸው ጆሮ ጋ ደረሰ። የጭነት መኪናውን ሹፌር ወገብ ዛሬ ከማሸቴ በፊት መኪናው ላይ ወጥቼ አቀማመጡን አየሁ። ምን ሆነሃል አለኝ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

የየኔታ ክንድ ተመልሶ ደረት ላይ ቀረ። ትናንት ሲያስተምሩ አብዝተው ነው። ሦስት ቀን ቀረን። ሠርካለም ቤቱን በእግርህ ጨረስከው አለችኝ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

ቆሙ። ጸናጽሉን በቀኛቸው ያዙ። ከፍ አላደረጉትም፣ ደረታቸው ላይ ነው። እኔ ከሕዝቡ መሀል ሆኜ ድምፃቸውን ብቻ ነው የምሰማው... የሚቆረጥበትን። ተቆረጠ። ጸናጽሉን ለመሪጌታ ቃለ አብ ሰጡ። በቃ አልኩ።

ትንሽ አረፉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። መሪጌታ ቃለ አብ መለሱላቸው። የመጨረሻውን እሳቸው ጨረሱ።

እንባዬን በነጠላዬ ጠረግኩ። ማን ያየኛል ብዬ?

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

የኔታ ሳይጠሩ መጡ። ወንበሩን ራሳቸው ስበው ተቀመጡ። ቦታቸውን እንደማይለቁ ነገሩኝ። ገና ቅባቱን ሳልከፍት "ግራው ደህና ነው። ቀኙ ግን ያመኛል፤ እዚህች ጋ" አሉና በጣታቸው አሳዩኝ። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ።

ሳሻቸው ዜማቸውን አቁመው ዞር አሉ። እጄን ያዙት። አገላብጠው አዩት።

"ይህስ እንዴት ነው ልጄ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን የኔታ።"

"እሱማ ይመስገን። እኔ የጠየቅሁህ ስለ አውራ ጣትህ ነው።"