ጋሽ ሠላሳ

ይድረስ ለአባየ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ አባየ? እጅዎስ እንዴት ሆነ? እማየ በስልክ «ጀሶው ውስጥ ያሳክከዋል እንጂ ደህና ነው» ብላኛለች። እርስዎማ ስልኩን ሲቀበሉ «ደህና ነኝ፣ አንቺ ትምህርትሽን ያዢ» ብለው መልሰው ይሰጧታል። በወረቀት ከሆነ መሃል ላይ አያቋርጡኝም ብዬ ነው የጻፍኩልዎ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስል እበላለሁ፣ ክፍል እገባለሁ ማለቴ ነው።

አባየ፣ እኔ በእርስዎ አፍር ነበር። ይኸው ጻፍኩት። ወልድያ መናኸሪያ መኪናዎ ተራ ይዛ ቆማ እያየሁ ወደ ጋሽ ሞገስ ሚኒባስ የምሮጠው ለምን ይመስልዎታል? ቸኩዬ ነው እልዎት ነበር፤ ውሸቴን ነው። ተሳፋሪው «በጋሽ ሠላሳ መኪና የሄደ መርሳ ለምሳ አይደርስም» እያለ ሲስቅ እዚያ መሃል መቀመጡን ስለማልችለው ነው። መርሳ መግቢያ ላይ ያለችውን የሠላሳ ኪሎ ሜትር የፍጥነት ምልክት እንደ ታቦት የሚያከብር ሾፌር ልጅ መሆኔን ጓደኞቼ እንዲያውቁብኝ አልፈልግም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ክርክር ተዘጋጅቶ ነበር። በአስፋልት መንገድ ላይ የፍጥነት ወሰን ከፍ ይበል፣ ጭራሽ ይነሳ ወይስ እንዳለ ይቆይ የሚል። እኔ ይነሳ ባይ ነበርኩ። አስፋልቱ ጥሩ፣ መኪናው ጥሩ፣ ሾፌሩም አዋቂ ሰው ነው፤ በሽተኛ ለያዘና የሚበላሽ ፍራፍሬ ለጫነ ማዝገም ራሱ ጉዳት ነው አልኩ። እስከዚህ ድረስ ክርክር ነው፣ አያሳፍርም። አዳራሹ ሲቀዘቅዝብኝ ጊዜ ግን እርስዎን አወጣሁ። «እኛ መስመር ላይ አንድ ሽማግሌ ሾፌር አሉ» ብዬ ጀመርኩና መሪውን እንዴት እንደሚጨብጡ፣ አህያ ሲያዩ እንዴት ቆመው «እለፊ እናቴ» እንደሚሉ፣ ሁሉንም አስመስዬ አሳየሁ። ሰው በሳቅ ሞተ። አሸነፍን። አባቴ ናቸው አላልኩም።

ስወጣ የአዳራሹ ጥበቃ አንድ ፌስታል ዘይቱን ሰጠኝ፤ ከመርሳ የመጣ ነው አለኝ። ማን አመጣው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ጓደኞቼ ተሻምተው በሉት።

አርብ ዕለት ወደ ቤት ስመጣ የእርስዎ መኪና ውስጥ ገባሁ። ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ገና ከወልድያ ሳንወጣ በመስታወቱ አይተውኝ «ትቸኩያለሽ ልጄ?» አሉኝ። ጠይቀውኝ አያውቁም። «ትንሽ ፈጠን ብንል ጥሩ ነው» አልኩ። ከዚያ መኪናዋን ለቀቋት። ተሳፋሪው «ጋሽ ሠላሳን ዛሬ ማን ነካቸው?» እያለ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ኮርቼብዎ ነበር። የሠላሳዋን ምልክት ስናልፋት ልብ ያላት ሰው የለም። ሴትዮዋ አህያዋን እየነዳች ብቅ ስትል እርስዎ ወደ ቦዩ ጠመዘዙ። እሷም አህያዋም ተረፉ። የእርስዎ እጅና የረዳትዎ የፈንታው እግር ተሰበረ።

ትራፊክ ፖሊሱ ሲጠይቅዎት «ፍሬን እምቢ አለኝ» አሉት። ዕድሜ ልክዎን ስለሚያውቅዎት ቃልዎን እንዳለ ተቀበለ። ያን ጊዜ እኔ አጠገብዎ ቆሜ ነበር፣ ቀና ብለው አላዩኝም።

አሁን መናኸሪያው ሁሉ ስለ እርስዎ ነው የሚያወራው። ጋሽ ሞገስ ትናንት ጫን አድርጎ እየነዳ፣ አንዲት እናት ቀስ በል ቢሉት፣ «በሠላሳ የሚሄደውም ቦይ ገብቷል፤ የዕድል ጉዳይ ነው እናቴ» አላቸው። ሰውም ልክ ነው አለ። ምሕረት፣ የክርክር ጓደኛዬ፣ ለሚቀጥለው ዙር ይህንን ማስረጃ አድርገን እናቅርበው ብላኛለች። ስንት ዘመን አንድ ሰው ሳይነኩ የነዱበት ስም ለእነሱ ማስረጃ ሆነ አባየ። ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

እማየ መካኒኩ ምን እንዳለ ነግራኛለች። ፍሬኑ ምንም አልሆነም ሲልዎት ዝም እንዲል ለምነውታል አሉ። ለማን ብለው እንደለመኑት አውቃለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ ፈንታው ቤት ሲሄዱ እኔም እመጣለሁ። እርስዎ ስለ ፍሬን ሲያነሱ እኔ ተነስቼ ይፍጠኑ ያልኳቸው እኔ ነኝ እላለሁ። ሊቆጡኝ ከፈለጉ እዚያው ሰው ፊት ይቆጡኝ፣ ደስ ይለኛል። ምሕረትንም በዚያ ክርክር እንደማልገባ ነግሬያታለሁ፤ ለምን ስትለኝ ሽማግሌው ሾፌር አባቴ ናቸው አልኳት። ደነገጠች።

መኪናዋን ሊሸጧት ነው የሚባለውን ሰምቻለሁ። ተዉ አባየ። እጅዎ ሲድን መሪውን እንደ ድሮው ይያዙልኝ፣ እኔም ከአሁን ወዲያ ከጎንዎ እንጂ ከኋላ አልቀመጥም። የፈለገ ይሳቅ።

ፈጣሪ እጅዎን ይጠግንልኝ፣ የፈንታውንም እግር ያቁምለት። እርስዎም ቅሬታው ከልብዎ ሲወጣልዎ ይመርቁኝ፤ እስከዚያ እጠብቃለሁ።

ዘይቱኑ ደርሶኛል። አዳራሹ ውስጥ የት ጋ ቆመው እንደነበር ግን አልጠይቅዎትም።

ልጅዎ